ከትራስ ሥር ያለው ዳቦ፦ በምናገለግለው ሰው ውስጥ የእግዜርን ብርሃን ማየት እንዴት ይለመዳል?

ከጥፋቴ ልጀምር።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጠለያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማገልገል ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ሥራው እጄ ገብቷል ብዬ ደረቴን የነፋሁበት ሰሞን ነው። የዚያን ቀን ተራዬ አንሶላ መቀየር ነበር። የአንዲት እናትን ትራስ ሳነሳ ከሥሩ አራት ቁራሽ ዳቦ አገኘሁ። ሁለቱ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። አንዱ ሻግቷል። በረሮ ይጠራል ብዬ ሁሉንም ጠራርጌ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ እንዳለብኝም ትዝ አላለኝም።

እማማ ፀሐይ ሲሞቁ ቆይተው ገቡ። ትራሱን ዳበሱ። አነሱት። እንደገና ዳበሱ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

«ምን ጠፋብዎት እማማ?»

«የሷ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ፣ በአገጫቸው የጎን አልጋውን እያሳዩ።

የጎን አልጋ ላይ ያሉት ሴትዮ የመርሳት ሕመም አለባቸው። እራት መብላታቸውን ይረሳሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ነቅተው «እራበኝ» ይላሉ። በዚያ ሰዓት ወጥ ቤቱ ዝግ ነው። እማማ ታዲያ ከቁርሳቸው ላይ ዳቦ እየቆጠቡ፣ ሌሊት በውኃ እያራሱ ያጎርሷቸው ነበር። ይህን ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ አያውቁም።

እኔ «አገልጋይ ነኝ» ብዬ ስገባ፣ ለካ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ የቀደሙ አገልጋይ ነበሩ። ቆሻሻ መስሎኝ የጣልኩት የሰው ምጽዋት ነው።

«በሰው ፊት ላይ የእግዚአብሔርን ብርሃን ማየት» የሚለው ነገር በስብከት ሲሰማ ደስ ይላል። ሽንት የነካው አንሶላ ታቅፎ ሲታሰብ ግን ሌላ ነው። እንዴት እንደሚደረግ ደረጃ በደረጃ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እየተሳሳትኩ የለመድኩትን ልጻፍላችሁ። አረጋውያን ዘንድ ስለማገለግል ምሳሌዬ ሁሉ ከዚያ ነው። ቤት ውስጥ አያታችሁን የምታስታምሙም ከሆነ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ ዓይናችሁን ሳይሆን ቃላችሁን አስተካክሉ። አማርኛችን እዚህ ላይ ሥራውን ጨርሶልናል። ደጅ ላይ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ምን እንለዋለን? «የኔ ቢጤ»። ቢጤ እኩያ ነው፣ አምሳያ ነው። በየቀኑ አፋችን ላይ ስላለ አንሰማውም እንጂ፣ ሰውየውን በጠራነው ቁጥር «እኔን ይመስላል» እያልን ነው።

ሌላም አለ። የመሸበት መንገደኛ ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ የሚመጣው መልስ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ነበር። እንግዳውም የእግዜር፣ ቤቱም የእግዜር። ታዲያ ባለቤቱ ምንድን ነው? አሳላፊ ነው። ይህን ይዛችሁ ከወጣችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ብርሃን ካላየሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በቀኝ የቆሙት ጻድቃን «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ መቼ አየንህና አበላንህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አላዩትም! ሲያበሉ፣ ሲያለብሱ፣ የታመመ ሲጠይቁ ማንን እንደሚያገለግሉ አላወቁም። ቢሆንም ተቆጠረላቸው። ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች፣ መጽሐፍም ተመሳሳይ ነገር አለ። አላህ በትንሣኤ ቀን «የአደም ልጅ ሆይ፣ ታምሜ አልጠየቅኸኝም» ይላል። ሰውየው «አንተ የዓለማት ጌታ ሆነህ እንዴት ልጠይቅህ?» ሲል፣ መልሱ እገሌ ባሪያዬ ታሞ ነበር፣ ብትጠይቀው እሱ ዘንድ ታገኘኝ ነበር የሚል ነው። በሁለቱም ቦታ ሰዎቹ ግራ ገብቷቸዋል። ስለዚህ ሥራው ይቀድማል። ማየቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ለምን እንደምትሄዱ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ስለት ስላለባችሁ ይሆናል። እናታችሁን በቅጡ ሳታስታምሙ ስላለፈች ይሆናል። የእኔ ይኸኛው ነው። ምክንያቱ ንጹሕ ካልሆነ አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ብቻ እወቁት። የማያውቁት ምክንያት ሰውየው ፊት ላይ ሄዶ ይጋረጣል። እኔ ለወራት በየአልጋው የምፈልገው እናቴን ነበር። አጠገቤ ያሉትን እማማ አላየኋቸውም።

የት ልሂድ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ አይጠፋም። ስድስት ኪሎ የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች አሉ። ማኅበራቸው ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ የሆነውን መቄዶንያን ደግሞ የማያውቅ የለም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ በቂ ነው። እኔ የምጨምረው ጓንት አትርሱ የሚለውን ብቻ ነው።

ሩቅ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከቤታቸው የወጡት ለበረከት ነበር፣ ወደ ግሸን ማርያም። ወሎ ረሃብ ላይ ነበረች። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን ያገኙት በመንገዳቸው ላይ ነው። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የስንት ልጆች እናት እንደሆኑ አገር ያውቃል። ወደ ግሸን ስሄድ የሚያጋጥመኝ ሰው እንቅፋት ነው ወይስ ግሸን? ይህን ጥያቄ በኪሳችሁ ያዙ።

1. አንድ ሰው ምረጡ

አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ይኼ ነው። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ሰላም ይላል። ብስኩት ያድላል። ከዓይኑ እንባ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል። በአራተኛው ይጠፋል።

አርባ ሰው አይታይም። አርባ ሰው «ችግረኞች» ነው የሚሆነው። አንድ ሰው ምረጡ። አጠቃላይ ሥራችሁን ሥሩ፤ ጥረጉ፣ እጠቡ፣ ተሸከሙ። በመጨረሻ ግን ሃያ ደቂቃ ከዚያው ከአንዱ ሰው ጎን ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው። ማንን ልምረጥ ካላችሁ፣ ጠያቂ የማይመጣለትን። ነርሶቹ ያውቁታል፣ ጠይቋቸው።

ይህን ሥራ በደሞዝ የምትሠሩም አላችሁ። አሜሪካ በአረጋውያን ማቆያ የሌሊት ፈረቃ የምትገቡ፣ ቤይሩትና ጅዳ የሰው እናት የምታጥቡ እህቶች። ለእናንተ ሃያ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም፣ አውቃለሁ። ካልሲ ስታጠልቁ ያለችው አንድ ደቂቃ ግን የእናንተ ናት። አንድ ነገር ግን ልበል፦ በአሠሪ ፊት የእግዜርን ብርሃን ማየት ማለት ደሞዝ ሲከለከሉ፣ ሲመቱ ዝም ማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያስተምራችሁ ካለ አትስሙት።

2. ስም ጠይቁ፣ ዝቅ በሉ

ቆማችሁ አታናግሩ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ከሥር ወደ ላይ ሲያያችሁ አገጫችሁንና የአፍንጫችሁን ቀዳዳ ነው የሚያየው። በርጩማ ሳቡ። ዓይናችሁ ከዓይናቸው እኩል ይሁን። ጆሮ ከከበዳቸው አትጩኹ፤ ጠጋ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ተናገሩ። ጩኸት ፊትን ያኮሳትራል፤ የማይሰማ ሰው ደግሞ የሚያነበው ፊታችሁን ነው።

ከዚያ «ማን ብዬ ልጥራዎት?» በሉ። «ስምዎ ማን ነው?» ከሚለው ይለያል። «እማማ» እና «አባባ» ጥሩ ናቸው፣ ግን ለሁሉም አይሆኑም። «እትዬ» የሚወዱ አሉ። ሐጅ የሄዱ አሉ። የመነኮሱ አሉ።

እኛ ጋ አንድ አዛውንት ነበሩ። «አባባ» ስንላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሾርባ ስንሰጥም ወደ ግድግዳ። ኩርፍተኛ ናቸው ተባለ፣ አለቀ። አንድ ቀን ከሩቅ የመጣ ዘመድ በር ላይ ቆሞ «ሃምሳ አለቃ!» ሲል፣ እኚያ ሰውዬ ከአልጋቸው ቀና ብለው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃምሳ አለቃ ሆኑ። ፊታቸውንም አየነው። ግድግዳውን የሠራነው እኛ ነበርን ማለት ነው።

3. እግር እጠቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ የበለጠ የተማርኩት በሳፋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። «እግርዎን ልጠብዎት?» በሉ። «ተይው» ካሉ ተዉት፣ በሌላ ቀን ጠይቁ። ብዙ አረጋውያን እግራቸው ያሳፍራቸዋል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን። በክርናችሁ ለኩት፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀቱን ላይለይ ስለሚችል «ይሞቃል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ጎንበስ ብላችሁ ሳይሆን መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ወገባችሁም ይድናል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይዘፍዘፍ። ለስላሳ ጨርቅና ሳሙና ተጠቀሙ። በጣቶቹ መሐል እጠቡ፤ ከዚያ በደንብ አድርቁ፤ ፈንገስ የሚያወጣው እዚያ የሚቀረው እርጥበት ነው። ተረከዝ ላይ ንቃቃት ካለ ቫዝሊን ቀቡ፤ በጣቶች መሐል ግን አትቀቡ። ጥፍር ከተዘፈዘፈ በኋላ ይለሰልሳል። ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጥግ ጥጉን አትቆፍሩ። ስኳር ላለበት ሰው ግን መቀሱን አስቀምጡና ነርስ ጥሩ። ቁስል፣ መጥቆር ወይም ያበጠ ነገር ካያችሁም እንዲሁ።

ይኼ የእጅ ሥራው ነው። አሁን የዓይኑን ልንገራችሁ። ስታጥቡ አትቸኩሉ። እግሩን እዩት። እግር ያወራል። አንድ አባት ነበሩ፣ መርገጫቸው ሰፍቶ እንደ መዳፍ የሆነ። ከሰላሌ አዲስ አበባ ድረስ በባዶ እግራቸው አህያ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። «ያኔ ጫማ ለበዓል ነበር» አሉኝ። ይህን ሲያወሩኝ የሹራቤ እጅጌ ወርዶ ውኃው ውስጥ ገባ። እኔ አላየሁም። እሳቸው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶች እጅጌዬን ሁለት ጊዜ አጠፉልኝ። «ብርድ ይገባሻል» አሉ። ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በጸሎተ ሐሙስ በየቤተ ክርስቲያኑ ካህናት የሕዝቡን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቅጠሉን ለቤት ይዘን እንሄድ ነበር። ሥርዓቱ የገባኝ ግን እጅጌዬ ሲታጠፍ ነው። አጣቢና ታጣቢ የሚባለው ነገር ለጥቂት ጊዜ ጠፋብኝ።

እናንተም ፈልጉ የምላችሁ ይህን ነው። ትልቅ ነገር አትጠብቁ። ፊት ላይ የሚበራ ነገር የለም። ብርድ ልብሱን ወደ ጎረቤት የሚስብ እጅ፣ መጀመሪያ ለእሷ ስጧት የሚል አገጭ። በጣም ትንሽ ስለሆነ ቆሞ የሚያልፍ ሰው አያየውም።

4. ስታበሉ

አጭር ነው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ እንጂ የተኛን ሰው አታጉርሱ፤ ትን ይላል። ማንኪያው ግማሽ ይሁን። መዋጡን አይታችሁ ነው ቀጣዩ። ከበሉ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኙ። አጥሚቱን፣ ፍትፍቱን፣ ሙዙን አንድ ላይ አታደባልቁ፤ ሰው ናቸው፣ ጣዕም ያውቃሉ። «ምን ይቅደም?» በሉ።

ስታበሉ ከጓደኛችሁ ጋር በሰው አናት ላይ አታውሩ። እኔ በዚህ ብዙ ጊዜ ተይዣለሁ።

ጾማቸውንም ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ ወተት ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይጠጡ እንጂ» ብላችሁ አታስጨንቁ። ሐኪም ያዘዘላቸው ከሆነ ነገሩን ለነርሷና ለንስሐ አባታቸው ተዉት። ሙስሊም እናቶችና አባቶች ካሉ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የሚሆን ውኃ በጆግ አቅርቡ፣ ሰዓቱን አስታውሱ። ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር ጎኑ መቀመጥም ማገልገል ነው።

5. ለምኗቸው

ይኼኛው እርምጃ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ይዘለዋል።

እኛ ሰጪ፣ እነሱ ተቀባይ ሆነን እስከቆየን ድረስ ምንም አይታይም። ተቀባይ የሆነ ሰው ፊቱን ይሸፍናል። አመሰግናለሁ ማለት ይደክማል። በቀን አሥር ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ፣ ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ቦታ ቀይሩ። የሆነ ነገር ከእነሱ ፈልጉ። ለማስመሰል ሳይሆን የምር።

ቀላሉ ምርቃት ነው። ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ «ይመርቁኝ» በሉ። ያ በማንኪያ የሚበላ ሰው እጁን ዘርግቶ «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ጧሪ ቀባሪ አትጪ» ሲል ድምፁ ይለወጣል። አባት ይሆናል። ግን ምርቃት ብቻ አይበቃም፤ ምክርም ጠይቁ። እኔ ድፎ ዳቦዬ ከመሐሉ አልበስል እያለ ሲያስቸግረኝ አምስት እናቶች ተሰብስበው አልተስማሙም። አንዷ ኮባው ነው አሉ፣ አንዷ እሳቱ ነው አሉ። ያ ክርክር እስከ ምሳ ድረስ ዘለቀ። እንደዚያ ቀን ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ዳቦው እስካሁን አልተስተካከለም።

ሥራም ስጡ። ጎመን ይቀንጥሱ፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ፣ ጥጥ ይፍተሉ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት አሉን። ጭናቸው ላይ ያረፈ እጅ ሁልጊዜ ይርገበገባል። እንዝርት ሲይዙ ግን ረጋ አለ። ነርሷ ስትነግረኝ፣ አንዳንዱ መንቀጥቀጥ እጁ ሥራ ሲይዝ የሚቀንስ ዓይነት ነው። ምክንያቱ ሕክምና ነው፣ ተአምር አይደለም። እኔ ግን ፈትሉ እየረዘመ ሲወርድ ፊታቸውን አየሁት። ማገልገል ከጀመርኩ ያኔ ዓመት አልፎኛል፤ እኚያን ሴት መጀመሪያ ያየኋቸው በዚያ ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ሲሰጧችሁም ተቀበሉ። ግማሽ ሙዝ፣ አንድ ከረሜላ፣ ከኪስ የወጣ ቆሎ። «አይ፣ እርስዎ ይብሉ» አትበሉ። ትሕትና ይመስላል እንጂ በር መዝጋት ነው። ቤቱ የከለከለው ነገር ከሆነ ደግሞ ተቀብላችሁ አመስግኑና ለነርሷ ንገሩ።

6. ሲሰድቧችሁ

ይህን ክፍል የማይጽፍ መመሪያ አትመኑ።

አረጋውያን መላእክት አይደሉም። በሳሙና ይጣላሉ። ይዋሻሉ። አንዷ የአንዷን ነጠላ ትደብቃለች። ምራቅ የተተፋብኝ ቀን አለ፤ በዘሬ የተሰደብኩበት ቀንም አለ። «ሁሉም ብርሃን ናቸው» እያላችሁ ፈገግ ካላችሁ ለራሳችሁ እየዋሻችሁ ነው። የእግዜር መልክ ማለት ጸባየ ሸጋነት አይደለም። ጸባዩ የከፋ ሰውም መልኩን አልተነጠቀም፤ ነገሩ ያ ነው።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ገላውን ጠይቁ። ረጥበዋል? ጠምቷቸዋል? የሚያማቸው ቦታ አለ? የጠመመ አጥንት፣ የተጣበቀ ዳይፐር፣ ሰው ሳያገላብጣቸው የቆዩበት ጎን ይኖራል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ካልሆነ ጀርባው ይቆስላል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተሳደበና ከቀባጠረ ለነርስ ንገሩ፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሽንት ኢንፌክሽን ብቻ እንኳ እንዲህ ሊያደርጋቸው ይችላል። ከስድቡ በስተኋላ ብዙ ጊዜ ሕመም አለ።

የመርሳት ሕመም ካለ ደግሞ አትከራከሩ። የ85 ዓመት እናት «እናቴ መጣች?» ሲሉ «ከሞቱ አርባ ዓመታቸው» አትበሉ። ለእሳቸው አሁን ነው የምትሞተው። «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» በሉ። ይነግሯችኋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ደማችሁ ከፈላ፣ ውጡ። ሌላ ሰው ይተካችሁ። ውኃ ጠጡ። በንዴት የሚያጥብ እጅ ይጎዳል።

7. ስልኩን ቦርሳ ውስጥ

እግር እያጠብን ፎቶ መነሣት ልማድ ሆኗል። ቲክቶክ ላይ የሚለቀቀውን ሁላችንም እናያለን። መጠለያዎች ራሳቸው ርዳታ ለማሰባሰብ የሚቀርጹት አለ፤ እሱ በቤቱ ደንብ ይዳኛል። በጎ ፈቃደኛ ግን ምን ቤት ነው? ሰውየው የት እንዳለ የማያውቁ ልጆች ይኖሩታል። የማይፈልገው ጎረቤት ያየዋል። ደግሞ ካሜራ ሲወጣ የእኛም ዓይን አብሮ ይወጣል፤ ሰውየውን ትተን እንዴት እንደምንታይ ማሰብ እንጀምራለን። እኔ በዚህ ድርድር የለኝም። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈውም ለዚሁ ነው።

8. ማታ

ቤት ስትገቡ ታጠቡ፣ ብሉ። ከዚያ በደብተር አንድ መስመር ጻፉ። ምን እንደሠራችሁ አይደለም። ምን እንዳያችሁ። ስም አታስገቡ። የእኔ ደብተር ላይ ያሉት እንዲህ ናቸው፦ «እጅጌዬን አጠፉልኝ።» «ሻዩን ለዘበኛው አስተረፉ።» «ዛሬ ምንም አላየሁም፣ ደክሞኝ ነበር።» የመጨረሻው ዓይነት መስመር ብዙ ነው። ይኑር። በተከታታይ አራት ሳምንት ከሆነ ግን ዕረፍት ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ተኙ። ተኝቶ መነሣት ከጸሎት አይቆጠርም ያለው ማን ነው?

አንድ ቀን ደግሞ ስትሄዱ አልጋው ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይሆናል። ለዚህ የምሰጣችሁ ደረጃ የለኝም። እኔ በዚያን ቀን አንሶላ አጥቤ ነው የምመለሰው።

የእማማን ነገር ልጨርስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «እኔ እንደሆን ምን ቸገረኝ፣ እሷን ነው እንጂ» አሉ። ስለዚህ ወደ ጎን አልጋ ዞሬም ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ነገሩን አያስታውሱም፤ ቢሆንም «እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ። ከነርሷ ጋር ተመካክረን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ገዛን። ዳቦው አሁን እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ከትራሱ ጎን። ቅዳሜ ጠዋት እከፍተውና እየያዝኩ አሳያቸዋለሁ።

«ይኼስ ይጣል?»

ያሸቱታል። ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን ያዩታል።

«እሱ ለወፎቹ ነው» ይላሉ። «ያኛውን መልሺው።»